እንደምን አደርክ፣ እገሌ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሬ በሰው ስም ሲጠራኝ ከረመ።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ፣ ማኪያቶዬን ከጎኔ አስቀምጬ ብሮውዘሩን ስከፍተው በትልልቅ ነጭ ፊደል ሰላም ይለኛል። ሰላምታው ግን የእኔ አይደለም። ፊቱን አይቼው የማላውቅ የአንድ ፈረንጅ ነው። ስሙን አደባባይ ማውጣት ነውር ስለሆነ እገሌ እንበለው። «ጉድ ሞርኒንግ፣ እገሌ» ይላል። ከሥሩ የለንደን የአየር ጠባይ ይከተላል፤ ዝናብ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የጥቅምት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ማጅራቴን ትጠብሰኛለች።

የእገሌን ሰላምታ መቀበል እንዴት እንደጀመርኩ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተወለደው ስብሰባ ላይ ነው። ሪፖርት ላቀርብ ላፕቶፔን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁና አዲስ ታብ ከፈትኩ። አዲስ ታብ ሲከፈት ብሮውዘሩ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ፤ አዘውትራችሁ የምትገቡባቸውን ገጾች በምልክት በምልክት ደርድሮ ያወጣል። የእኔም ወጡ፤ ግድግዳ በሚያህል ሸራ ላይ። አንዱ ባንክ ነው። አንዱ ኢሜይል ነው። ሦስተኛው ስለ ፀጉር መመለጥ መድኃኒት የሚያወራ ነው። አሥራ አንድ ሰው መጀመሪያ ሸራውን፣ ቀጥሎ አናቴን አየ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ሶፍትዌር የተማረ ነው። የተማረው ሶፍትዌር ይሁን እንጂ እኛ ቤት ቴሌቪዥን ሲበላሽም፣ ቆጣሪ ሲዘጋም የሚጠራው እሱ ነው። ችግሬን ሰማና፣ «ጋሼ፣ የራስህን ስታርት ፔጅ አድርግ። ቆንጆ ቆንጆ አሉ፣ በነፃ። አንዱን ፎርክ አድርገው በቃ» አለኝ።

ፎርክ ሲለኝ ሹካ መሰለኝ።

መሰለኝ ብቻ ሳይሆን ነውም። ግንዱ አንድ ሆኖ ጫፉ የሚለያይ ነገር ለማለት ነው ፈረንጆቹ ያን ስም የሰጡት። አንድ ሰው የሠራውን ፕሮግራም እንዳለ ወደ ራስ ጓዳ ትገለብጣለህ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልብህ ትለውጠዋለህ። የእሱ እዚያው አለ፤ አልጎደለም። እንጀራ በእጁ ጠቅልሎ ለሚበላ ሰው ሹካ ምን ያደርግለታል? እኛ ለዚህ ነገር ስም ነበረን እኮ፤ እርሾ መበደር።

እናቴ ሊጧ ሲበላሽባት ጎረቤት ትልከኝ ነበር። «እርሾ አለሽ ወይ በላት።» በጣሳ ይዤ እመጣለሁ። የጎረቤታችን ሊጥ ጣሳ እርሾ ስለሰጠ አልቦካም አይልም። የእኛ ደግሞ በእኛ ጤፍ፣ በእኛ ውሃ፣ በእኛ ማቡኪያ ከቦካ በኋላ የእኛ ነው። እርሾው ከማን ቤት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ጥቂት አሰበና፣ «አዎ፣ ግን ጎረቤትየዋ ሊጧን ስታሻሽል አንተም ማሻሻያውን መሳብ ትችላለህ» አለ። በእርሾ ይህ የለም። ግን ይሁን።

ፎርክ ማድረግ ድሮ እንዲህ የሰላም ነገር አልነበረም፤ የጠብ ስም ነበር። አብረው ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ሲኳረፉ ግማሾቹ ኮዱን ይዘው ይወጡና ሌላ ስም ያወጡለታል። ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕን ኦፊስ የተለየው እንዲህ ነው። እድር ለሁለት ሲከፈል ያየ ሰው ይገባዋል፤ ድንኳኑ ለማን ይሁን? ብረት ድስቶቹስ? ኮድ በዚህ ከእድር ይሻላል፤ ሁለቱም ወገን ድስቱን ሙሉ ይዞ መሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጊትሃብ መጣና ፎርክን አንዲት ቁልፍ አደረጋት። ጠቅ ታደርጋለህ፤ ሳትጣላ ተለይተሃል።

ጊትሃብ የተሠራበት ጊት ራሱ ስሙ የጠብ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው በእንግሊዞች የመንደር አነጋገር የማይረባ፣ ደረቅ ሰው የሚሰደብበትን ቃል አወጣለት፤ ሥራዬን ሁሉ በራሴ ስም ነው የምጠራው ብሎም ቀለደ። መጀመሪያ ሊነክስ፣ ቀጥሎ ጊት። ሰውየው ስሙን በዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ጽፏል። እኔ በአንድ ገጽ ላይ ስሜን መጻፍ አቅቶኝ ሦስት ሳምንት።

እንዴት አቃተህ አትበሉኝ፤ ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው ማታ የእህቴ ልጅ የእገሌን ገጽ ፎርክ አድርጎ፣ ላፕቶፔ ላይ አውርዶ፣ «ስምህን ኮንፊግ ዶት ጄኤስ ውስጥ ቀይር» ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ ለሥራ ሐዋሳ ወረደ። እኔ ፋይሉን ከፈትኩ። ስም፣ ከተማ፣ የሚወደዱ ገጾች በተራ ተደርድረዋል። የእገሌን ስም አጥፍቼ የራሴን በአማርኛ ጻፍኩ፤ ጥቅሱን ዘጋሁ፤ ነጠላ ሰረዟን መታሁ። ገጹን ሳድሰው ጨለመ። ሰላምታ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ለንደንም የለችም። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ካፈጠጥኩበት በኋላ ፈርቼ እንደነበረው መለስኩት። እገሌ ወደ ሹመቱ ተመለሰ።

እናም አብረን ኖርን። ሰው በሰው ስም ሲጠራ ውሎ አድሮ ይለምደዋል። ለንደን በዘነበ ቁጥር እገሌ ጃንጥላ ይዞ ይሆን ማለት ጀመርኩ። የሚወዳቸው ገጾች እዚያው ተደርድረው ነበርና ጠባዩንም አወቅሁት፤ ቼዝ ይጫወታል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ አውቶቡስ ነው የሚጠቀመው። የዳቦ አጋጋሩን ገጽ አንድ ቀን ከፍቼ አነበብኩት። እርሾ ነው የሚጀምረው።

የእህቴ ልጅ ከሐዋሳ ሲመለስ አፍንጫውን ከስክሪኑ አስጠግቶ አየና በሳቅ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሰረዝ የአማርኛ ናት።»

ለካ ስሜን በአማርኛ ጽፌ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳልመልስ ነው ሰረዟን የመታሁት። ጃቫስክሪፕት የሚያውቃት ነጠላ ሰረዝ ጭራ ያላት አንዲት ነጥብ ናት። የእኔዋ በሁለት ነጥብ ላይ ባርኔጣ የደፋች፣ «፣»። ስሜ በግዕዝ ፊደል መጻፉን ቋንቋው ምንም አላለም፤ ጥቅስ ውስጥ እስካለ ድረስ ለፊደላችን ቦታ አለው። ሥርዓተ ነጥቡ ላይ ግን እንደ ድጓ መምህር ነው፤ አንዲት ምልክት ስትሳሳት ዝም ብሎ ዓይኑን ይጨፍንብሃል።

ሰረዟን ቀየርናት። ስሜ ወጣ። እገሌ ተሻረ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ከፋኝ።

የሰውን ስም አውጥቶ የራስን ማስገባት የኮምፒውተር ዘመን ፈሊጥ አይምሰላችሁ። የድሮ ክታቦችንና የብራና የጸሎት መጻሕፍትን ተጠግቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ክታቡ ሲጻፍ የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ጠብቀው፣ አድነው የሚባለው እሱ ነው። ክታቡ በውርስም በግዢም ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ከላዩ ይጻፋል። ብራናው በተፋቀበት ቦታ ይሳሳል፤ ቀለሙም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ደብተራዎቹ ኮንፊግ ዶት ጄኤስ አልነበራቸውም እንጂ ሥራው ያው ነው። እንዲያውም እነሱ ስሙን በየቦታው እየፈለጉ መፋቅ ነበረባቸው፤ እኔ አንድ መስመር ላይ ነው የፋቅሁት።

የባለሙያውን ድካም የሚያስከብር ነገርም ከጥንት አለ። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይገኛል። የእገሌ ገጽ የመጣው ኤምአይቲ ላይሰንስ በሚባለው ውል ነው፤ ከ200 ቃል አይበልጥም። ግዝት የለበትም፤ እንዲያውም ቸርነቱ ያስደነግጣል። ቅዳው፣ ለውጠው፣ ካሰኘህ ሽጠው፤ ብቻ የባለመብቱን ስምና ይችን ወረቀት ከውስጡ አታውጣ ይላል። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጮሃል። ምን እያለ ነው ብዬ ስጠይቅ የእህቴ ልጅ የተረጎመልኝ ልክ እንደ መርካቶ የሰልባጅ ነጋዴ ነበር፤ «እንዳለ ነው የምሰጥህ፤ ቤትህ ወስደህ ቢቀደድ አላውቅህም።»

ስለዚህ የእገሌ ስም ከሰላምታው ወጣ እንጂ ከውሉ አልወጣም። እዚያ ይኖራል።

አሁን ሰላምታውን ወደ አማርኛ ልመልሰው አልኩ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛው «ጉድ ሞርኒንግ» ለቄስም፣ ለሕፃንም፣ ለውሻም ያገለግላል። አማርኛ ግን ሰላም ከማለቱ በፊት ማንነትህን ይጠይቃል። እንደምን አደርክ ነው? አደርሽ ነው? አደሩ ነው? ላፕቶፑን ባለቤቴም ትጠቀምበታለች። የእገሌ ኮድ ለጠዋት፣ ለቀንና ለማታ ሦስት መስመር ሰላምታ ነበረው። እኔ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርስዎ ሳባዛው ዘጠኝ መስመር ሆነ። ከዘጠኙ አንዱን ለመምረጥ ደግሞ ገጹ ማን እንደተቀመጠ ማወቅ አለበት። ባለቤቴን «ስትገቢ አንቺ ነሽ ወይ የሚል ቁልፍ ላስገባልሽ» ብላት እንዴት እንዳየችኝ አልጽፈውም።

መፍትሔው ከእህቴ ልጅ መጣ። «አንቱ በለው ጋሼ። አንቱ ወንድም ሴትም አይልም።» ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ እኔን አንቱ ብሎኝ አያውቅም፤ ዘዴውን ግን ያውቀዋል። ዘጠኙ መስመር ወደ ሦስት ተመለሰ። አሁን ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» እባላለሁ። በራስ እጅ ጽፎ ራስን አንቱ ማስባል የሚያሳፍር ነገር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሆኖም በሁለተኛው ቀን ጀርባዬ ቀና ብሎ ነበር። ባለቤቴ ይህን ታዘበችና፣ «ኮምፒውተሩ ካከበረህ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?» አለች።

እናቴ ደግሞ አንድ እሑድ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ስክሪኑን አነበበችው።

«ማነው እንደምን አደሩ የሚልህ?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ አትመልስለትም?»

ምን ልበላት? ጉድ ሞርኒንግ ምኞት ነው፤ ተመኝቶልህ ይሄዳል። እንደምን አደሩ ግን ጥያቄ ነው፤ መልስ ይፈልጋል። የእኔ ገጽ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስም ይወጣለታል። እናቴ ዝምታው ከበዳት መሰለኝ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችልኝ።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነበረው። የፈረንጁን ሰዓት የእኛ ለማድረግ ስድስት መቀነስ ነው ብዬ ቀነስኩ። ሰዓቱ ተስተካከለ። በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ስከፍተው ገጹ «ደህና ይደሩ» አለኝ። ሰላምታው የሚመረጠው ያንኑ ቁጥር አይቶ ነው ለካ፤ እገሌ ከአምስት በታች ያለው ሰዓት ሁሉ ሌሊት ነው ብሎ ጽፏል፤ እኔ ደግሞ የጠዋቱን ስምንት ሁለት አድርጌዋለሁ። እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ ኮምፒውተሬ ተኛ እያለኝ ሠራሁ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ አሳቢ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም።

በዓመተ ምሕረቱ ላይ ግን ያጠፋሁትን ሁለት ሌሊት ማን ይመልስልኛል? ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልኩ፣ በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን እያሰላሁ፣ ስድሳ መስመር ያህል ኮድ ጻፍኩ። ኮርቼ ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ሁሉንም አጥፍቶ አንዲት መስመር ጻፈ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ብሮውዘሩ ውስጥ ድሮውኑ አለ፤ ከነአሥራ ሦስተኛ ወሩ። የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።

የአየር ጠባዩን ለንደን ከማለት አዲስ አበባ ወደ ማለት ለማዞር ቁልፍ የሚሉት የቁጥርና የፊደል ቅልቅል ያስፈልጋል። ተመዝግቤ ወሰድኩና ኮዱ ውስጥ ጻፍኩት። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። «ጋሼ፣ የቤትህን ቁልፍ በሩ ላይ ሰቅለህ ነው የወጣኸው» ተባልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቁልፉን አሰረዝኩት፤ የአየር ጠባዩንም ከገጹ አወጣሁት። መስኮት አለኝ።

ከዚያ ማሰማራት ቀረ። ዲፕሎይ ማድረግ ይሉታል፤ ላፕቶፔ ላይ ያለውን ገጽ የቢሮው ኮምፒውተርም ስልኬም የሚያገኙት አድራሻ ላይ መስቀል ነው። ጊትሃብ ፔጅስ ይህን በነፃ ያደርጋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ቅርንጫፉን ትመርጣለህ፤ ታስቀምጣለህ፤ ትጠብቃለህ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያየሁት 404 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። ቡና አፍልተን ስንመለስ ገጹ መጥቷል። ሰላምታው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ጳጉሜንም ተራዋን ትጠብቃለች። ከጀርባ የሰቀልኩት የእንጦጦ ፎቶ ብቻ የለም።

ላፕቶፔ ላይ እኮ ነበር! ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብን። የፎቶው ፋይል ስም የሚጀምረው በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ኮዱ ውስጥ የጻፍኩት በትንሹ። የእኔ ዊንዶውስ ትልቅና ትንሹን አይለይም፤ ገጹ የተሰቀለበት አገልጋይ ግን ይለያል። እኔ ምን ላድርግ? ያደግሁት ሀ ሁልጊዜ ሀ በሆነበት ፊደል ነው። በፊደላችን መካከል የበላይና የበታች የለም። እገሌ ርዕሶቹን ሁሉ ወደ ትልቅ ፊደል ቀይር ብሎ ያዘዘበት መስመር እስካሁን ኮዱ ውስጥ አለ፤ አማርኛው ትእዛዙን ሰምቶት አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ፣ ተነሥቼ ተንጠራርቼ አዲስ ታብ ከፈትኩ። ምን የወጣ ይመስላችኋል? ባንኩ፣ ኢሜይሉና ፀጉሩ።

መነሻ ገጽና አዲስ ታብ ለካ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብሮውዘሩ ሲነሣ የሚከፍተውን ገጽ እንድትመርጥ ይፈቅድልሃል፤ የአዲስ ታቡን በር ግን ለራሱ ይዞታል፤ ለማስለወጥ ሌላ ተቀጥላ መጫን ግድ ነው። የእህቴ ልጅ ተቀጥላውን ጫነልኝ፤ ሲጫን የሚጠይቀውን ፈቃድ ሳነብ ባላነብ ይሻለኝ ነበር። ደግነቱ ገጹ የራሴ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 ኋላ አይጎግል ያለውን መነሻ ገጽ ከፍቶ ነበር፤ ሰው እንደ ቤቱ አስጊጦ ሲኖርበት ቆይቶ በኖቬምበር 2013 ተዘጋ። ጎጆ የወጣና ተከራይ አንድ አይደሉም።

አንድ ቀን በሰዓት ለካሁት። ገጹን ከፍቼ የምፈልገውን አድራሻ እስክጽፍ ድረስ በዓይኔ ፊት የሚቆየው ሁለት ሰከንድ ነው። ደጃፍ ነውና ማን ይውልበታል? ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለሙን እለውጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት በኮዴ ገጽ ላይኛው ጥግ ላይ ያለችው የፎርክ ቁጥር ከ0 ወደ 1 ተቀየረች። ዓይኔን አላመንኩም። አንድ ሰው ከእኔ ማቡኪያ እርሾ ወስዷል! አድራሻውን ተከትዬ ሄድኩ። ሰውየው አሰማርቶታል። ገጹ ተከፈተ። እንጦጦ አለ፤ ፊደሉ አለ፤ መካከሉ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል «እንደምን አደሩ» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

ገና አልቀየረውም። የት አገር እንዳለ አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ግን እኔን እየተባለ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ወይም እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎ ስሙ ያለው ኮንፊግ ዶት ጄኤስ ውስጥ አራተኛው መስመር ላይ ነው። የእርስዎን ከጻፉ በኋላ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ከዚያ ሰረዟን ይምቱ። ከሥር «ጤና» የምትለዋን ሊንክ ደግሞ ያጥፏት። መድኃኒቱ አይሠራም።